ከአንድ ወይራ ሁለት እኩል እጀታ

ዘጠና ዲግሪ ማለት ምን እንደሆነ ደባርቅ ውስጥ ከእኔ በላይ ያስተማረ ሰው አለ ብዬ አላምንም። የሒሳብ መምህር ነኝ። ጠመኔዬን ይዤ ሰሌዳው ላይ አንድ ቁም መስመር፣ አንድ አግድም መስመር እስብና በመገናኛቸው ላይ ትንሽ ሳጥን እሠራለሁ። «ይኸው፣ ዘጠና ዲግሪ» እላለሁ፤ ተማሪው ይጽፋል፤ ደወል ይደወላል። በዚህ ዓይነት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ጥቅምት ግን ከክንድ የሚያጥር የወይራ ቁራጭ ይዤ፣ ያንን ሰሌዳ ላይ በሁለት ሰከንድ የምሠራውን ነገር እንጨቱ ላይ አገኘዋለሁ ስል ከሰው ተራ ወጣሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ መታዘብ የእናንተ ፋንታ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአባቴና ከአጎቴ ነው።

አባቴ ተገኘ ከዳባት ወረድ ብላ ባለች አንዲት መንደር ያርሳል። አጎቴ አያ ደሴ ታናሽ ወንድሙም ጎረቤቱም ነው። በሁለቱ እርሻ መካከል፣ ልክ ወሰኑ ላይ፣ አንድ ትልቅ ወይራ ነበር። አያቴ መሬቱን ሲያካፍላቸው «ወሰናችሁ ወይራው ነው» ብሎ ነበር ያለፈው። ወይራው ራሱ የማን እንደሆነ አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀውም። ሁለቱ ወንድማማቾች ስንት ዓመት ጥላው ሥር አብረው ምሳ በሉበት። ታዲያ አንድ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል የአያ ደሴ የማረሻ ድግር እርሻ መሐል ተሰበረና ከወይራው አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ በምትኩ ጠረበበት። አባዬ መጥቶ አየና «ማንን አስፈቅደህ ነው?» አለ።

«የገዛ ዛፌን ለመቁረጥ ማንን ላስፈቅድ?» አለ አያ ደሴ።

በቃ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም።

አልተነጋገሩም ስላችሁ አጋንኜ አይደለም። አንዱ በላይኛው በር ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሌላው በታችኛው በር ይገባል። ለቅሶ ቤት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው አባዬ እናቴን «ለዚያ ሰውዬ፣ በሬው ገብሴ ውስጥ ገብቷል በይው» ይላታል። ያ ሰውዬ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ ይሰማል። እማዬ ዞር ብላ «በሬህ ገብስ ውስጥ ገብቷል ይልሃል» ትለዋለች። አያ ደሴም «ሰምቻለሁ በይው» ይላታል። እማዬ መልሳ ዞር ትልና «ሰምቻለሁ ይላል» ትላለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስትዞር አንገቷ አለመጣመሙ ይገርመኛል።

ሽማግሌም ሦስት ጊዜ ተቀምጧል። ሦስቱንም ጊዜ ተሳሳሙ ተባሉ፣ ተሳሳሙ፤ ገና ቤታቸው ሳይደርሱ እንደገና ዝም።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ከሊማሊሞ በኩል የመጣ ነፋስ ያንን ወይራ ከነሥሩ ነቅሎ ጣለው። አወዳደቁም የሚገርም ነው፤ ወሰኑን ተከትሎ፣ ግማሽ ጎኑ ወደ አባዬ፣ ግማሽ ጎኑ ወደ አያ ደሴ ሆኖ ተጋደመ። ማንም አልነካውም። የነካው «የእኔ ነው» እንዳለ ይቆጠራልና ለማገዶ የምትሆን ጭራሮ እንኳ ከላዩ የሚሰብር ጠፋ። ሁለት ቤተሰብ ያን ሁሉ እንጨት ደጁ ላይ አጋድሞ ከሩቅ ኩበት ይለቅማል።

ለመስቀል ቤተሰብ ልጠይቅ ወርጄ ሳለሁ የሁለቱም የንስሐ አባት የሆኑት መምሬ እንየው ወደ እኛ ቤት መጡ። ረጋ ብለው ተቀምጠው ረጋ ብለው ተናገሩ።

«ተገኘ፣ ይህ ዛፍ እስከ መቼ እንዲህ እንደ ሬሳ ተጋድሞ ይኖራል? እኔ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ከዚህ ግንድ፣ ከአንዱ ጉማጅ፣ ሁለት የጭራ እጀታ ይሠራ። አንዱ ለአንተ፣ አንዱ ለደሴ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሽማግሌው ባለበት እዚያው ወሰኑ ላይ ትቀበሉና ትታረቃላችሁ። ደሴን አነጋግሬዋለሁ፤ እሽ ብሏል። ግን እኩል ይሁኑ አለ።»

አባዬም «እኔም እኩል ከሆኑ» አለ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ምሳዬን በልቼ ወደ ደባርቅ ብመለስ ኖሮ ይህ ወግ ባልኖረ። ግን ቤት ውስጥ ቶርኖ አለኝ። ቶርኖ እንጨቱን በሁለት ጫፉ ወግቶ ይዞ በኤሌክትሪክ የሚያሽከረክር ማሽን ነው፤ እንጨቱ ሲዞር መሮ ጠጋ ሲደረግበት እየተላገ ድቡልቡል ይሆናል። ጎንደር ያለ አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ አርጅቶበት ሊጥለው ሲል ነው ያነሣሁት። እስከዚያች ቀን ድረስ በዚያ ቶርኖ የሠራሁት ሙሉ ዕቃ አንድ የሊጥ መዳመጫ ብቻ ነው፤ እሱም ወገቡ ስለቀጠነ ሊጡን ዳር ዳሩን ነው የሚዳምጠው። ቢሆንም ቶርኖ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ዝም ማለት አይችልም።

«መምሬ፣ እኔ እሠራቸዋለሁ!» አልሁ።

«እኩል ይሆናሉ?»

«በሚሊሜትር!»

«ሚሊሜትር ምንድን ነው ልጄ?»

«አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታክል ናት፤ እሷን ታህል እንኳ አይበላለጡም።»

መምሬ አባዬን ትንሽ አዩትና ወደ እኔ መለስ ብለው «ተጠንቀቅ» አሉኝ። «አንዲት ጤፍ ብትበላለጥ እነዚህ ሁለት ሰዎች እሷን ጤፍ ፈልገው ያገኟታል።»

ጉማጁ መምሬ ባሉበት ከግንዱ ልክ ከወገቡ ላይ ተቆረጠ። አባዬ ከአጥሩ ውስጥ፣ አያ ደሴ ከአጥሩ ውስጥ ሆነው መጋዙ ወደ ማን እንዳዘነበለ ሲመለከቱ ነበር። እኔ ጉማጁን በመጋዝ አራት ቦታ ሰነጠቅሁት፤ ሁለቱ ለእጀታው፣ ሁለቱ ለመጠባበቂያ። በጆንያ አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርሁና እንደ ታቦት ጭኔ ላይ አስቀምጬ ደባርቅ ገባሁ።

ከመኪና መናኸሪያው ወረድ ብሎ ጋሽ አምባዬ የሚባሉ አናጢ አሉ። የቤተ ክርስቲያን በር፣ የቤት መስኮት፣ የሬሳ ሣጥን ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው። በየቀኑ ትምህርት ቤት ስሄድ በደጃቸው አልፋለሁ፤ ሰላም እላቸዋለሁ። «ጋሼ፣ እርጥብ ወይራ እንዴት ይደርቃል?» ብሎ መጠየቅ አንድ ትንፋሽ ነው የሚፈጀው። አልጠየቅሁም። የተማርሁ ሰው ነኝ። እንጨት የሚደርቀው ውኃው ሲወጣ ነው፤ ውኃ የሚያወጣው ሙቀት ነው፤ ሙቀት ያለው ፀሐይ ላይ ነው። ስለዚህ አራቱንም ቁራጮች ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ አሰጣኋቸው።

ደባርቅን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በጥቅምት ቀን ቀን ቆርቆሮው ያቃጥላል፣ ፀሐይ ስትገባ ከሰሜን ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ያ እንጨት ቀን እየተቆላ ማታ እየቀዘቀዘ ሁለት ሳምንት ከረመ። መሰላል አስደግፌ ሳወርዳቸው አንደኛው እንደ ቀስት ጎብጧል። ሁለተኛው እንደተጨመቀ ልብስ ዙሮ ተጠማዝዟል። ሦስተኛው ከጫፉ ተሰንጥቋል። አራተኛው ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ሞክሯል።

ባለቤቴ ስንዱ በረንዳ ላይ የደረደርኋቸውን አየችና «ምነው፣ እነሱም ተጣሉ እንዴ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ መምህር ነኝና ታገሡኝ። ቶርኖ ላይ የሚወጣ እንጨት አስቀድሞ አራቱም ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ጫፉም ትክክለኛ ካሬ መሆን አለበት። ያን ጊዜ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት መስመር ሲሰመር መሐሉ ይገኛል። መሐሉ ካልተገኘ እንጨቱ ሲዞር ይንገዳገዳል፤ እንጨቱ ሲንገዳገድ ማሽኑ ይንገዳገዳል፤ ማሽኑ ሲንገዳገድ ባለቤቱ ይጸልያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እነዚያን ጠማማዎች ማቅናት ነው። ቀላል መሰለኝ።

ጎባጣውን አነሣሁና እንጨት ቆንጥጦ በሚይዘው ሞርሳ ውስጥ አስገባሁት። ሞርሳውን አጥብቄ ሳዞረው ጉብጠቱ ተጨፍልቆ ቀጥ አለ። መላጊያዬን ይዤ ላግሁት፤ እንደ መስተዋት ሆነ። ሞርሳውን ፈታሁ። እንጨቱ «እህ» እንደሚል ሰው ተነፋና ተመልሶ ጎበጠ። እንደገና አጠበቅሁ፣ እንደገና ላግሁ፣ ፈታሁ፤ ጎበጠ። ሳጠብቀው ቀና፣ ስፈታው ጎባጣ። ሦስት ከሰዓት በኋላ እንዲህ ስንተናነቅ ቆየን። በሦስተኛው ቀን ልኩን ስወስድ እንጨቱ ጉብጠቱን እንደያዘ ግማሽ ሆኗል። ስንዱ ወስዳ የበር መደገፊያ አደረገችው፤ ለዚያ ጉብጠቱም አልከፋም።

ሁሉንም ትንሽ ትንሽ የሞከረውን አራተኛውን ሳነሣ «ዓይኔ ነው የሚያታልለኝ» ብዬ የማዕዘን መለኪያ ስኳድራ ገዛሁ። ገበያ ላይ ከድሮ ቁልፍና ከብሎን ጋር መሬት ላይ ተዘርግቶ ያገኘሁት የብረት ስኳድራ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። አንዱን ጎን ልጌ ስኳድራውን ሳስጠጋው በመካከሉ ብርሃን ያሳልፋል። ያን ሳስተካክል በሌላው ጎን ያሳልፋል። ሌላውን ሳስተካክል የፊተኛው ተበላሽቷል። እንጨቱ ይቀጥናል፣ ብርሃኑ ግን አይቀንስም።

ቀስ በቀስ እንጨቱን ትቼ ሌላውን ነገር ሁሉ መለካት ጀመርሁ። ስኳድራውን የበሩ ጉበን ላይ ሳስቀምጠው ጠማማ ነው። መስኮቱም ጠማማ ነው። የምግብ ጠረጴዛችን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የምርቃት ፎቶዬ ፍሬም፣ የመማሪያ መጻሕፍቱ፣ ሁሉም ጠማማ ናቸው።

«ስንዱ፣ በዚህ ቤት ውስጥ አንድም ቀና ነገር የለም» አልኋት።

«እኔስ?»

«አንቺን ገና አልለካሁሽም።»

ያቺ ንግግር ራቴን አስቀርታብኛለች ማለት ይቻላል። እኔ ግን አልተመከርሁም። ስኳድራውን በኮቴ ውስጥ ይዤ ትምህርት ቤት ሄድሁና ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሰሌዳው ላይ ለካሁ። ሃያ ዓመት ዘጠና ዲግሪ የሳልሁበት ሰሌዳ ራሱ ዘጠና ዲግሪ አይደለም! ርእሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ሰሌዳውን አቅፌ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። «መምህር፣ ደኅና ነህ?» አለኝ። «ሰሌዳው ጠማማ ነው» አልሁት። «እረፍት ያስፈልግሃል» አለኝ።

አራተኛው ቁራጭም በዚህ መካከል አለቀ። ለኅዳር ሚካኤል ሁለት ሳምንት ቀርቷል፤ የቀሩት የተጠማዘዘውና የተሰነጠቀው ናቸው። እነሱ ከተበላሹ ተመልሼ ዳባት ወርጄ «መምሬ፣ ሌላ ጉማጅ ይቆረጥ» ማለት አለብኝ። ያኔ «ልጅህ ለአንተ ሊያደላ ነው እንጨቱን ያጠፋው» የሚል ነገር ቢነሣ፣ ያ ዕርቅ ለዘጠኝ ዓመት ሳይሆን ለዘለዓለም ተበላሸ ማለት ነው። ያን ቀን እንቅልፌን ብቻ ሳይሆን ኩራቴንም አጣሁና ሁለቱን ቁራጮችና ስኳድራዬን ይዤ ጋሽ አምባዬ ዘንድ ሄድሁ።

ጋሽ አምባዬ ነገሩን እስክጨርስ ድረስ እየላጉ ሰሙኝ። ስለ ጣሪያው ስነግራቸው መላጊያቸውን አቆሙ። ስለ ሞርሳው ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው «እስቲ ስኳድራውን» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ሰፊ ጣውላ ላይ አስደግፈው በእርሳስ አንድ መስመር አሰመሩ። ከዚያ ስኳድራውን ገልብጠው በዚያው ቦታ ላይ በሌላ ጎኑ ሁለተኛ መስመር አሰመሩ። ስኳድራው ትክክል ቢሆን ኖሮ ሁለቱ መስመሮች አንድ መሆን ነበረባቸው። አልሆኑም። ከታች ተነሥተው ወደ ላይ ሲሄዱ እንደ ሹካ ተለያዩ።

«ይህ ስኳድራ ወድቆ ያውቃል» አሉ ጋሽ አምባዬ። «አንተ ሳትሆን በፊት የነበረው ሰው ይሆናል የጣለው። የሒሳብ መምህር አይደለህም እንዴ? መለኪያውን አትለካም?»

የበሩ ጉበን፣ መስኮቱ፣ የምርቃት ፎቶዬ፣ ሰሌዳው፣ ሁሉም በሐሰት ሲወቀሱ ከርመዋል። ያንን ቀጥ ያለውን እንጨት ስንት ጊዜ ጠማማ ነህ ብዬ ላግሁት ይሆን?

«ይህስ?» ብለው የተጠማዘዘውን ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። በሁለት ማዕዘኑ ቆሞ ተወዛወዘ። «የፊተኛውን በሞርሳ ጨፍልቀህ ላግኸው፤ አይደል? ስትጨፈልቀው ቀና ያለ ይመስልሃል፤ ያቀናኸው ግን ሞርሳውን ነው እንጂ እንጨቱን አይደለም። እንዲህ ነው።» ከመሬት ሁለት ስስ የእንጨት ስባሪ አነሡና እንጨቱ ከጠረጴዛው በተነሣበት ማዕዘን ሥር ሸጎጥ አደረጉለት። መወዛወዙን አቆመ። «ሳትጫነው፣ እንደ ጠመመ በምቾት ይቀመጥ። ከዚያ ከላይ ከፍ ከፍ ያለችውን ብቻ ውሰድለት። አንዱ ጎን ሲቀና ገልብጠህ በእሱ ላይ ታስተኛዋለህ፤ የቀሩትን ሁሉ ከእሱ ነው የምትለካው። ፀሐይም አታሳየው። ሰጋቱራ ውስጥ ቅበረውና ጥቂት ቀን ያሸልብ።»

«ጋሼ፣ ይህን መጀመሪያ መጥቼ ብጠይቅዎ ኖሮ...»

«አልፈህ ስትሄድ ሰላም ትለኝ ነበር፤ መች አነሰኝ» አሉና መላጊያቸውን አነሡ።

ቤቴ ተመልሼ ሰጋቱራ ውስጥ ቀበርኋቸው። ሳወጣቸው የተማሪ ፈተና ወረቀት እያጣጠፍሁ ክፍተቱ ሥር እየሸጎጥሁ፣ በጣቴ እየነካሁ፣ ከፍ ያለውን ብቻ ቀስ እያልሁ ላግሁ። የሚወጣው ልጣጭ ከሽንኩርት ልጣጭ የማይወፍር ነው። ወይራ ሲላግ የሚሸተውን ሽታ የማያውቅ ሰው ብዙ ቀርቶበታል። እዚያ ተቀምጬ ስለ እነዚያ ሦስት ዕርቆች አሰብሁ። በሦስቱም እኔ ነበርሁ። ስምንት አሥር ሽማግሌ በግራ፣ ስምንት አሥር ሽማግሌ በቀኝ ሆነው «ተሳሳሙ! ተሳሳሙ ስንላችሁ!» ሲሉ፣ አባዬ አያ ደሴን በጉንጩ ሲስመው፣ ሁላችንም ስናጨበጭብ። ማንም «ተገኘ፣ ምን ተሰማህ?» ብሎ አልጠየቀም። ማንም «ደሴ፣ ያን ቀን የተሰበረው ድግር ምን ያህል አስቸግሮህ ነበር?» አላለም። ልጁ የሆንሁት እኔም አልጠየቅሁም። ነገር ማስተማር ልማዴ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቁም፤ እንጨት እንጨት ነው።

በአራተኛው ቀን ጋሽ አምባዬ ባዋሱኝ ስኳድራ ለካሁት። ብርሃን አላሳለፈም። ዞር አድርጌ ለካሁ። አላሳለፈም። ስንዱን ጠርቼ አሳየኋት። «ዘጠና ዲግሪ!» አልኋት። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀልድ «ጎበዝ» አለችኝ።

የመጀመሪያው እንጨት ቶርኖ ላይ ወጣና እንደ ቅቤ ተላገ። ወገቡ ላይ ሁለት ቀለበት አወጣሁለት፤ ጫፉን እንደ እንቡጥ አደረግሁት። ስንዝር ተኩል ርዝመት ያለው የሚያምር እጀታ ሆነ። ያን ጊዜ ብሞት ግድ የለኝም ነበር።

ሁለተኛውን አስገብቼ ገና መሮዬን ሳስጠጋ መብራት ጠፋ። ቆሜ ጠበቅሁ። አልመጣ ሲል ማጥፊያውን ሳልነካ ወጥቼ ውኃ ስጠጣ መብራቱ መጣ፤ ቶርኖው ብቻውን ጀመረ። ያ ስንጥቅ ያለበት እንጨት ነው። ስመለስ ማሽኑ እግሮቹን እየረገጠ ወደ በሩ ሲመጣ ተገናኘን። ሲሄድ ያየሁት የመጀመሪያው ቶርኖ ነው። ሽቦውን ለመንቀል ስዘል እንጨቱ ተፈናጥሮ በመስኮቱ ወጣ፣ አጥሩን አለፈና ከጎረቤታችን ከእማማ ብርቄ ግቢ የዶሮ ጩኸት ተሰማ።

ትንሽ ቆይተው እማማ ብርቄ እንጨቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው መጡ። «መምህር፣ ይህ የአንተ ነው?»

«አዎ እማማ። ይቅርታ። ዶሮዋ ተጎዳች?»

«አልተጎዳችም። ግን ከጣሪያው ላይ አልወርድም ብላለች።»

የእንጨቱ ጫፍ ተፈንክቷል። የተፈነከተውን ስቆርጥ እጀታው ከስንዝር አነሰ። እኩል መሆን አለባቸው፤ ስለዚህ ያንን የሚያምረውን፣ ባለ ሁለት ቀለበቱን፣ ልቤ እየደማ ቆረጥሁት። አብዝቼ ቆረጥሁት። አሁን ሁለተኛው ረዘመ። እሱን ቆረጥሁ፤ ስንጥቁን ለማስወገድ ደግሞ አቀጠንሁት። ሌላውንም አቀጠንሁ። አንዱ ሲቀጥን ሌላው ወፍራም፣ አንዱ ሲያጥር ሌላው ረጅም ይሆናል። በመጨረሻ ሁለት ሚሊሜትር ሲቀረኝ እንደገና መጋዙን ሳነሣ ስንዱ እጄን ያዘችኝ።

«ተው በእግዚአብሔር! ከዚህ በኋላ ብትነካቸው የጥርስ መፋቂያ ነው የሚሆኑት።»

ተውሁ። የፈረስ ጭራ አሰርሁባቸውና በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሁለት የጤፍ ፍሬ ልዩነት በልቤ ይዤ፣ የሚካኤል ዕለት ከስንዱ ጋር ወረድሁ።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሴ ወጥተው ወሰኑ ላይ፣ የወደቀው ወይራ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። መምሬ እንየው መስቀላቸውን ይዘው መሐል ናቸው። አባዬ በራሱ መሬት፣ አያ ደሴም በራሱ መሬት ላይ ቆመዋል፤ ሁለቱም የሚያዩት መምሬን ነው። እናቴና የአያ ደሴ ባለቤት እትዬ ዘውዴ ዳቦውን ይዘው ከኋላ ቆመዋል።

ጨርቁን ፈታሁ።

አባዬ አንዱን አነሣ። የአባዬ እጅ ዕድሜ ልኩን ዕርፍ የጨበጠ እጅ ነው። እጀታው መዳፉ ውስጥ ገባና ጠፋ። ከጡጫው በላይ የሚታየው ጭራው ብቻ ነው፤ ከጣቶቹ መካከል ፀጉር የበቀለ ይመስላል። አያ ደሴም የራሱን አነሣ፤ እሱም ጠፋበት። ገልብጦ መዳፉን ዘርግቶ አየው። ግንዱን አየ። መልሶ እጀታውን አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰ መሰለኝ።

አያ ደሴ እየሳቀ ነበር።

አባዬ «ምን ያስቅሃል?» አለው።

እማዬ ዳቦውን ልትጥል ደረሰች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለወንድሙ በቀጥታ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይህች ናት።

«ልጅህ» አለ አያ ደሴ እንባውን እየጠረገ፣ «አያ ተገኘ፣ ልጅህ እኮ ከዚህ ሁሉ ወይራ ሁለት አውራ ጣት ብቻ አወጣ!»

አባዬ ሳቁን ሊይዘው ሞከረ፤ አፍንጫው ከዳው። «ጣሪያ ላይ አስጥቶት ነው አሉ» አለ።

«ወይራ? በፀሐይ?»

«በፀሐይ!»

«ቆርቆሮ ላይ?»

«ቆርቆሮ ላይ እንጂ! ሚስቱ ነገረችኝ!»

ስንዱን ዞሬ አየኋት፤ ወደ ተራራው ማየት ጀመረች። እኔ ስለ ሚሊሜትሩ ላስረዳ «የሁለት ሚሊሜትር ልዩነት አለ፤ ይኸውም...» ብዬ ስጀምር የሰማኝ የለም። ሁለቱ ወንድማማቾች ግንዱ ላይ ተደግፈው ይስቃሉ። አንዱ ሲያቆም ሌላው መዳፉን ከፍቶ እጀታውን ያሳየዋል፤ እንደገና ይጀምራሉ።

«ሲጀመር በመጋዝ መክፈሉ ነው ጥፋቱ» አለ አያ ደሴ። «ወይራ በሽብልቅ ነው የሚፈለጥ። በእርጥቡ።»

«ይህ ወይራ ዙሮ ነው ያደገ» አለ አባዬ። «ሽብልቅ ብትሰድበት እሱ በፈለገው ይሄዳል እንጂ አንተ በፈለግኸው አይሄድም።»

«ከሥሩ ከጀመርህ ይሄዳል።»

«አይሄድም እያልሁህ!»

«ይሄዳል! ዘውዴ፣ እስቲ ሽብልቁን አምጪ!»

«እኔም መጥረቢያዬን ላምጣ፤ እንተያያለን!» አለ አባዬና ወደ ቤቱ ሮጠ። ከሰባ የማያንስ ሰው ሲሮጥ ነው ያየሁት።

አንደኛው ሽማግሌ «ኧረ ጸሎቱ! ገና አልተሳሳሙም እኮ!» ብለው ሊነሡ ሲሉ መምሬ እንየው በእጃቸው «ተዋቸው» የሚል ምልክት ሰጡ። አባዬ ከሥሩ ገመሰ፤ አያ ደሴ ሽብልቁን ሰደደ፤ አባዬ በመጥረቢያው ጀርባ መታ። አያ ደሴ እንዳለው ሄደ፣ ከዚያ አባዬ እንዳለው ጠመመ፤ «አየህ!» አሉ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። መምሬ ብዙ ጠበቁ። ዳቦው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ተነሥተው መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ ሁለቱ ሥራቸውን ሳያቆሙ፣ በአንዱ ምትና በሌላው ምት መካከል ጸሎታቸውን አደረሱ። «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ሲሉ አያ ደሴ ቀና አለና «አሜን፤ መምሬ፣ እባክዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፤ ፍልጡ እንዳይመታዎት» አላቸው።

ይህ ከሆነ ሰንበት ብሏል። እማዬ ዘንድ ስደውል ከኋላዋ ጩኸት ይሰማኛል። አባዬና አያ ደሴ ትናንት ስለ ፍልጡ ተጣሉ፤ ዛሬ ስለ በሬው ተጣሉ፤ ነገ የሚጣሉበትንም አግኝተዋል። አንዱ ከአንዱ ቤት አይጠፋም፤ እየተጨቃጨቁ ይበላሉ፣ እየተጨቃጨቁ ያርሳሉ።

ባለፈው እሑድ ጩኸቱ በዛብኝና «እማዬ፣ እንዲህ ከባሰባቸው ለመምሬ ነግሬ ሽማግሌ ይቀመጥ እንዴ?» አልኋት።

«ተው አንተ!» አለችኝ እናቴ ደንግጣ። «ደግሞ መጥተው ዝም ያሰኙብን!»